ደጁን አፍርሰን በየት ልንገባ ነው?

ሰሞኑን እዚሁ መቀሌ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ማኅተም ያረፈበት፣ በሁለት ገጽ የተጻፈ፣ ከኋላው ፖስታ የተያያዘበት ደብዳቤ ነው። ፖስታው ባዶ ነው፤ የምሞላው እኔ ነኝ። የሰፈራችን ደብር የልማት ኮሚቴ «ያረጀውንና ለደብሩ ክብር የማይመጥነውን ደጀ ሰላም አፍርሰን ዘመኑን የዋጀ ባለ ሦስት በር መግቢያ ልንሠራ ስለሆነ የበረከቱ ተካፋይ ይሁኑ» ይለኛል። የደብሩን ስም አልጠራም። ብጠራው ነገሩ የአንድ ደብር ጉዳይ ይመስላል። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ውስጥ ስንቱ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንደደረሰው ግን እሱ ያውቃል፤ ያልደረሰውም ይደርሰዋል።

ከደብዳቤው ጋር የአዲሱ በር ሥዕል አለ፤ በኮምፒዩተር የተሠራ። ሁለት ወፋፍራም ዓምዶች፣ በላያቸው ቅስት፣ በቅስቱ ላይ ክንፋቸውን የዘረጉ መላእክት፣ ከሥር የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ። መሀለኛው በር ለመኪና ነው፤ ግራና ቀኙ ለእግረኛ። በሥዕሉ ላይ አንዲት ነጭ መኪና እየገባች ነው። ለማኝ አልተሣለም። ዝናብም አልተሣለም።

አሮጌውን ደጀ ሰላም ላላያችሁት ልንገራችሁ። ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ከታች መተላለፊያ፣ ከላይ ደወሉ የተንጠለጠለባት ጠባብ ክፍል አለው። መዝጊያው ወፍራም የጽድ ሳንቃ ነው። ደፉ በእግር ብዛት መሀሉ ተሰርጉዷል። ሲገቡ በግራም በቀኝም የድንጋይ መደብ አለ፤ ጣሪያው ከላይ ስለሚሸፍነው እዚያ የተቀመጠን ሰው ፀሐይም ዝናብም አያገኘውም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ስለ ዕድሜው ሲጠየቁ «አያቶቻችንም ሲሠራ አላዩትም፤ ደርሰውበት ነው» ይላሉ። ኮሚቴው «ያረጀ» የሚለው ይህንን ነው።

ማረጁስ እውነት ነው። እኔም እያረጀሁ ነው። ሽማግሌ ሲያረጅ ምርኩዝ ይገዙለታል እንጂ…፤ ይቅር፣ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

ከመግባቴ በፊት ግን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ከሃያ ዓመት በፊት በሌላ ሰፈር ለተሠራ እንዲሁ ዓይነት በር ሁለት መቶ ብር ሰጥቻለሁ። ያኔ ሁለት መቶ ብር ገንዘብ ነበር። ስሜ እብነ በረዱ ላይ ከአርባ ሰው በታች ተጽፏል፤ አባቴን ሳይቀር ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። አባቴ ስሜን አነበቡና «የድሮው ድንጋይ የት ሄደ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ጠይቄም አላውቅም። ኋላ ስጠይቅ ግማሹ ለአንድ ሰው ግቢ አጥር መሠረት ሆኗል፣ ግማሹ ጉድጓድ ተሞልቶበታል አሉኝ። ስለዚህ ዛሬ የምወቅሰው ሰው ካለ ከእኔ ነው የምጀምረው።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ደጀ ሰላም ማለት የሰላም ደጅ ማለት ነው። አባቶቻችን ስም ሲያወጡ በከንቱ አያወጡም። ደጀ ሰላም የግቢው መዝጊያ ብቻ አይደለም። ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ የሚቀመሱበት፣ ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ጓዙን አውርዶ «ቤት ለእንግዳ» የሚልበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ድኻ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ዓለምና ቤተ መቅደስ የሚገናኙበት ቤት ነው። ቤት ነው ስል ቤት ማለቴ ነው። ጣሪያ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ መቀመጫ አለው። በር ያሳልፋል፤ ደጀ ሰላም ያስቀምጣል።

ይህች አገር ደግሞ ደጅን እንደ ዋዛ የምታይ አገር አልነበረችም። የጦር አለቃዋን «ደጃዝማች» ያለች አገር ናት። በንጉሡ ደጃፍ ቆሞ የሚያስገባና የሚያስወጣ «አጋፋሪ» የሚሾምባት አገር ናት። አቤቱታ ያለው ሰው «ደጅ ይጠናል»። ፍርድ የሚጠበቀው በደጅ፣ ሹመት የሚገኘው በደጅ፣ እህል የሚለመነው በደጅ። ሰውን ከነክብሩ ለማወቅ በደጁ ማን እንደተቀመጠ ማየት ይበቃ ነበር። እና ዛሬ «ልማት» ስንል መጀመሪያ የምናፈርሰው እሱን ሆነ!

የድሮ ደጀ ሰላም ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ሰው ከመቀሌ ወደ ሰሜን፣ አዲግራትን አልፎ በዓድዋ መንገድ እስከ ደብረ ዳሞ ይሂድ። ገዳሙን በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ እንደመሠረቱት ይነገራል። ዙሪያውን ገደል የሆነ፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ አምባ ነው። መንገድ የለውም። መሰላል የለውም። ያለው ከላይ የተለቀቀ የቆዳ ገመድ ነው፤ ወደ 15 ሜትር ገደማ በገደሉ ላይ ይወጡበታል። አንዱን ገመድ በእጅ ይይዙታል፣ ሌላውን ወገባቸው ላይ ያስሩታል፣ ከላይ መነኩሴው ይስባል። ገደሉ አፋፍ ላይ የሚቀበላችሁ ቤተ መቅደሱ አይደለም። ትንሽ የድንጋይ ቤት ናት፤ ደጀ ሰላሟ። ገመዱ የሚወርደው ከእሷ ነው። ንጉሥም ቢሆን፣ ጳጳስም ቢሆን፣ እረኛም ቢሆን የሚገባው በእሷ ነው።

ስለዚህች በር የሚተረክ አንድ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ዐፄ ገብረ መስቀል እንጨቱና ድንጋዩ እንዲወጣ ከሥር እስከ አፋፍ መወጣጫ አሠሩ ይባላል። ሥራው ሲያልቅ ጻድቁ «ዳህምሞ» አሉ፤ አፍርሰው ማለት ነው። ዳሞ የሚለውም ስም ከዚህ የመጣ ነው ይላሉ ተራኪዎቹ። መወጣጫው ፈረሰ፤ ገመዱ ቀረ። እንግዲህ ይታያችሁ! አባታችን ያፈረሱት የቀለለውን መንገድ ነው፤ ያስቀሩት ጠባቡን በር ነው። እኛ ደግሞ ጠባቡን በር አፍርሰን የመኪና መንገድ እንሠራለን፤ ከዚያ በቅስቱ ላይ የእሳቸውን ሥዕል እናሥላለን።

በዚያች በር ብዙ ነገር አልፏል። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ አገሩ ሲቃጠል ዐፄ ልብነ ድንግል የሸሹት ወደዚያ አካባቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1540 ሲያርፉም የተቀበሩት እዚያው ደብረ ዳሞ ነው። በተከታዩ ዓመት ክርስቶፎሮ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ፖርቱጋሎች ይዞ ሲመጣ እቴጌ ሰብለ ወንጌል አምባው ላይ ነበሩ። ወርደው ተቀበሉት፤ የዘመቻው ታሪክ ከዚያ ቀጠለ። አንድ አገር በሙሉ ወድቆ አንድ በር ቆሞ ነበር ማለት ነው። ወደ እኛው ዘመን ስንመጣ ጣሊያናዊው ተመራማሪ ሞርዲኒ በገዳሙ ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች እንደተገኙ ጽፏል፤ የጥንቶቹ የሕንድ ኩሻን ነገሥታት ሳንቲሞች ናቸው። በገመድ የሚገባባት በር ከሕንድ ጋር የሚያገናኝ ታሪክ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ባለ ሦስት በሩ ቅስታችን ምን ይዞ እንደሚቀመጥ እንጃ።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። «አንቺ ሴት አይደለሽም እንዴ? ደብረ ዳሞ መቼ ወጥተሽ ነው የምታወሪው?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ሴት ነኝ፤ አልወጣሁም። ደብረ ዳሞ ሴት አይወጣም፤ እንስት እንስሳ እንኳ አይወጣም። ጥቅምት 14 ቀን፣ ለአቡነ አረጋዊ በዓል፣ ከገደሉ ሥር ቆሜ አንገቴን ወደ ላይ አድርጌ ያቺን የድንጋይ ቤት አይቻታለሁ። ወንድሜ በገመድ ሲሳብ፣ እግሩ ድንጋዩን ሲስት፣ እኔ ከታች «አቡነ አረጋዊ» እያልኩ ቆሜያለሁ። ሥርዓቱን የሚወድም የሚከራከርበትም ሰው አለ፤ ዛሬ ያንን ክርክር አልከፍትም። ግን አንድ ነገር ልበል። ከታች ቆሞ ወደ ላይ ማየት የሚያስተምረው ነገር አለ። የማልገባበት በር እንኳ የእኔ ነው፤ ቢፈርስ የማለቅሰው እኔም ነኝ። ሰብለ ወንጌል ደግሞ እዚያ አምባ ላይ ተጠልለው ነበር። አገር ሲጨንቃት ያ በር ለሴትም ተከፍቷል። ጠባብ በር ማለት የተዘጋ በር ማለት አይደለም።

የቅርቡን ደግሞ ሁላችን እናውቀዋለን። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ደብረ ዳሞ በከባድ መሣሪያ መመታቱና መዘረፉ ተዘገበ። በዚያው ዓመት ከመቀሌ በስተሰሜን ያለው የነጃሺ መስጊድ ሚናሬቱ ተመትቶ፣ ጉልላቱ ተጎድቶ በፎቶ ግራፍ አየነው። ያኔ ሁላችንም ተቆጣን። ልክ ነበርን። «እንዴት ቅርስ ይመታል? እንዴት የእምነት ቤት ይዘረፋል?» አልን። በየሚዲያው ጮኸን፤ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ሰልፍ ወጡ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ የመድፉ ድምፅ ጸጥ አለ። እና አሁን በጸጥታው ውስጥ፣ በገዛ ገንዘባችን፣ በገዛ ኮሚቴያችን፣ ጸሎት ተደርጎ፣ መድፉ ያልደረሰበትን ደጀ ሰላም በዶማ ልናፈርስ ነው። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለው ተረት ለዚህ የተባለ ይመስለኛል። ለነገሩ ዘራፊ ይዞ ይሄዳል፤ ነገ ከነገ ወዲያ በአንድ ሙዚየም ይገኝ ይሆናል። ጉድጓድ የሞላንበት ድንጋይ ግን የት ይገኛል?

ከፈረንጅ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ጀርመን ውስጥ ሎርሽ የሚባል ከተማ አለ። በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመሠረተ ታላቅ ገዳም ነበረው። ገዳሙ በተሐድሶው ጊዜ ተዘጋ፤ በሠላሳው ዓመት ጦርነት ጊዜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1621 ተቃጠለ። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ሕንጻ ሙሉ ሆኖ የቆመው በቀይና በነጭ ድንጋይ ያጌጠ አንድ የበር ቤት ነው፤ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እሱም ሊፈርስ ሲል የአገሩ መስፍን ገዝቶ አዳነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1991 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። አስቂኙ ነገር ቤቱ ያኔ ለምን ይውል እንደነበር ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እነሱ ገዳማቸው ሞቶ፣ የበሩን አገልግሎት ረስተው፣ በሩን ጠበቁ። እኛ ገዳሙ በሕይወት አለ፣ ደወሉ ይደወላል፣ መደቡ ላይ ሰው ይቀመጣል፣ አገልግሎቱን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ በሩን እናፈርሳለን።

ደብዳቤው ከደረሰኝ በኋላ ዝም ብዬ አልጻፍኩም። ኮሚቴው ስብሰባ ሲጠራ ሄድኩ። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ናቸው። ለደብሩ ስንት ዓመት እንደለፉ አውቃለሁ፤ ክፉ ሰው አድርጌ ላቀርባቸው አልፈልግም። «እኅቴ፣ እርስዎ እንደሚጽፉ እናውቃለን፤ እንዳይጽፉብን» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሦስት ምክንያት ሰጡኝ። አንድ በአንድ ላቅርባቸው፤ እውነት ያለበትም አለና።

አንደኛው «ሊወድቅ ነው» የሚል ነው። ሄጄ ግድግዳውን አየሁት። ከደወሉ በታች ስንጥቅ አለ፤ እውነት ነው። ግን ከስንጥቁ አጠገብ ምን አየሁ መሰላችሁ? ሲሚንቶ! ከጥቂት ዓመታት በፊት «ይጠገን» ተብሎ በሲሚንቶ ተለስኗል። ይህን የሥራውን ሰዎች ጠይቁ። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል፤ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ሲለጥፉበት መተንፈሻው ይዘጋል። ውኃው ውስጥ ይቀራል፣ ጭቃው ይላላል፣ ድንጋዩ ይገፋል፣ ግድግዳው ይነፋል። ያስረጀው ዘመን አይደለም፤ ጥገናችን ነው። በገዛ እጃችን አሳምመን «ስለታመመ ይገደል» እያልን ነው። ደብረ ዳሞም ቢሆን ከስድስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሳይነካ የቆመ አይደለም፤ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ማቲውስ የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት ቤተ ክርስቲያኑን አድሶታል። ግን ያደሰው ነባሩን አሠራር ተከትሎ ነው፤ ድንጋይ፣ በመሀሉ አግዳሚ እንጨት፣ ጫፋቸው ከግድግዳው ብቅ ያሉት «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት እንጨቶች። ያንኑ አሠራር የአክሱም ሐውልት ላይ በድንጋይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ፤ ላሊበላም ላይ አለ። መጠገንና መተካት ለየቅል ናቸው።

ሁለተኛው «ይጠባል» የሚል ነው። ለጥምቀትና ለንግሥ ታቦት ሲወጣ ሕዝቡ ይጨናነቃል፣ ሕፃናት ይረገጣሉ፣ ሰው ሊሞት ይችላል አሉኝ። በዚህ አልከራከርም። የሰው ነፍስ ከድንጋይ ይበልጣል። ግን የደብሩ አጥር ዙሪያውን ስንት መቶ ሜትር ነው? ከምዕራብ በኩል ባዶ መንገድ ዳር አይደለም እንዴ? እዚያ ሰፊ በር ይከፈት። መኪናውም በዚያ ይግባ፣ ሕዝቡም በዚያ ይውጣ፣ ከፈለጋችሁ መላእክቱንም እዚያ ሣሉ። ይህን ስል አንድ የኮሚቴ አባል «በኋላ በር ከሆነማ ማን ገንዘብ ያዋጣል?» አሉ። እውነተኛው ምክንያት በዚች ዓረፍተ ነገር ወጣ። ችግሩ መጨናነቅ ቢሆን ኖሮ የትኛውም በኩል ያለ በር ይፈታው ነበር። የተፈለገው ግን የሚታይ በር ነው፤ አስፋልቱ ላይ ሆነው የሚያዩት፣ ስም የሚጻፍበት።

ሦስተኛው «ለደብሩ ክብር አይመጥንም» የሚል ነው። ይሄኛው አበሳጨኝ፤ መልስ የሰጠሁትም ጮክ ብዬ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ክብር ምንድን ነው? የመቀሌ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ወዴት ነው የሚወስደው? ወደ ዐፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት አይደለም? ለምን ወደ አዲሶቹ ባለ መስታወት ፎቆች አይወስደውም? ድንጋዩን፣ እንጨቱን፣ የአናጢውን እጅ ሊያሳየው ነው። ለንጉሥ ክብር የሆነ ድንጋይ ለእግዚአብሔር ቤት ሲሆን ነውር የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ገርዓልታ ድረስ ሄደን ከዓለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት እናስጎበኛለን፤ «ዓለም ይመዝግብልን» እንላለን፤ ተመልሰን የገዛ ሰፈራችንን ድንጋይ በሴራሚክ እንቀይራለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ቅርስ በእጁ ያለ ባለቤት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ለጥገናና ለእድሳትም አስቀድሞ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ እንደሚገባ ይደነግጋል። ለጥገና ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ ለማፍረስማ እንዴት አይሆን? በስብሰባው ላይ «ባለሙያ ጠይቃችኋል?» ብዬ ነበር። «ኢንጂነር አለን» አሉኝ። ኢንጂነሩ ወጣት ነው፤ ሥዕሉን የሣለው እሱ ነው። «አሮጌውን ለክተኸዋል?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ለሚፈርስ ነገር?» አለኝ። ልጁ ጥፋት የለበትም። የሚፈርስ ነገር እንደማይለካ ያስተማርነው እኛ ነን።

ከስብሰባው ስወጣ መደቡ ላይ ከምትቀመጥ አንዲት እናት አጠገብ ቁጭ አልኩ። ሁልጊዜ እዚያው ናት፤ ሰላም እንባባላለን። በጦርነቱ ከቀዬአቸው ተፈናቅለው መቀሌ ከገቡት አንዷ ናት፤ መቼ እንደምትመለስ ስትጠየቅ እጇን ወደ ሰማይ ታነሳለች።

«አደይ፣ ይህን ሊያፈርሱት ነው አሉ» አልኳት።

«ሰማሁ፣ ጓለይ።»

«ምን ትያለሽ ታዲያ?»

«እኔ ምን እላለሁ? እነሱ መኪና የሚገባበት ይፈልጋሉ፤ እኔ ዝናብ የማይገባበት እፈልጋለሁ» አለችና ነጠላዋን ሳብ አደረገች።

ሌላ አልጨመረችም። እኔም የምጨምረው ጠፋኝ። ቤቴ ስገባ ያንን የኮምፒዩተር ሥዕል እንደገና አወጣሁና ተመለከትኩ። ዓምዶቹን ቆጠርኩ፣ መላእክቱን ቆጠርኩ። መቀመጫ ፈለግሁ። የለም። ጣሪያ ፈለግሁ። የለም፤ ቅስቱ ቀጭን ነው፣ አያጠልልም። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። አሮጌው ደጀ ሰላም ሲፈርስ የሚሄደው ድንጋይ ብቻ አይደለም። መደቡ ይሄዳል። መደቡ ሲሄድ እዚያ የሚቀመጠው ሰው ወደ አስፋልት ይወርዳል። አስፋልቱ ላይ ሲሆን ደግሞ «ለከተማው ገጽታ» ተብሎ ይነሣል። አባቶቻችን ድኻውን በቤተ ክርስቲያን አሠራር ውስጥ አስገብተውት ነበር። ቤቱ ሲሠራ የእሱ መቀመጫ አብሮ ይሠራ ነበር፤ ማንም ደግ ሰው እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ግድግዳው ራሱ ያስጠልለዋል። እኛ ከፕላኑ አወጣነው። ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ ነዳያንን እናበላለን፤ ፎቶም እንነሣለን።

ነገሩ የእስላም የክርስቲያን አይደለም፤ የመቀሌም ብቻ አይደለም። ጎንደር ሂዱ፣ ጎጃም ሂዱ፣ አዲስ አበባ ሂዱ፤ የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ፣ ድንጋዩ በብሎኬት፣ ክቡ ቤት በአዳራሽ ሲተካ ታያላችሁ። ሁሉም በቅን ልቦና ነው። ይህ ነው የሚያስፈራው። ክፉ ልብ ያፈረሰውን መክሰስ ይቻላል፤ ቅን ልብ ያፈረሰውን ማን ይከስሳል? «በረከት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሕዝቡ የሰጠው አሥር ብር፣ መቶ ብር እውነተኛ ፍቅር አለበት። ያንን ፍቅር ወዴት እንደምንመራው ነው የምናገረው።

ስለዚህ ለኮሚቴው የምለው አራት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ለጊዜው ምንም ድንጋይ እንዳይነካ። ሁለተኛ፣ ወጣቱ ኢንጂነር ሥዕሉን ያስቀምጥና አሮጌውን ይለካው፤ ፎቶ ያንሣው፣ በወረቀት ያስፍረው፤ የዩኒቨርሲቲው ልጆችም ቢጠሩ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። ሦስተኛ፣ ሲሚንቶው ይፈቅፈቅና በድንጋይና በጭቃ የሚሠሩ ነባር ግንበኞች ይጠሩ። በትግራይ ድንጋይ የሚያናግሩ እጆች አሁንም አሉ፤ ጦርነቱ ብዙዎቹን ሥራ አስፈትቷቸዋል። ለሴራሚኩ የታሰበው ገንዘብ ለእነሱ ደመወዝ ይሁን፤ ልማት ማለት ይህ ነው። አራተኛ፣ ሰፊው በር በምዕራብ ይከፈት። ስም መጻፍ ግድ ከሆነም እዚያ ይጻፍ፤ እኔ የማንንም ስም አልቀናም።

ለእናንተም ለአንባቢዎች አለኝ። ፖስታው ሲደርሳችሁ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «የድሮው ድንጋይ የት ሊሄድ ነው?» በሉ። እኔ ይህን ጥያቄ ከአባቴ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላቸው ፖስታውን አትሙሉ።

የእኔን ፖስታ ምን አደረግሽው ትሉኝ ይሆናል። ባዶውን አልመለስኩትም። ከሃያ ዓመት በፊት በሁለት መቶ ብር የሠራሁትን ጥፋት አስቤ፣ አቅሜ የቻለውን አስገባሁ። ከፖስታው ጀርባ «ለአሮጌው ደጀ ሰላም ጥገና ብቻ፤ ከፈረሰ ይመለስልኝ» ብዬ ጻፍኩበት። ሰብሳቢው ተቀብለው አነበቡት፤ ትንሽ አሰቡና «ይህንን በየትኛው መዝገብ ነው የማስገባው?» አሉኝ።

አዲስ መዝገብ ይክፈቱ አልኳቸው። የመጀመሪያው ስም የእኔ ይሁን፤ ሁለተኛውን እየጠበቅን ነው።